ከካዛንቺስ እስከ ቱሉ ጉዶ ደሴት

«ደሴት» የሚለውን ቃል ስትሰሙ በዓይነ ኅሊናችሁ ምን ይታያችኋል? እስቲ ልገምት፤ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሙሽሮች። ዛሬ ዛሬ በየአጥቢያችን የሚጋቡ ወጣቶች ከሠርጉ በኋላ የሚያሳዩን ፎቶግራፍ ይኸው ነው። የተነሡት ዛንዚባር ነው። ከቦሌ በቀጥታ ሦስት ሰዓት ያህል ተበርሮ የሚደረስበት ስለ ሆነ አቅሙ ያላቸው ቢሄዱ እሰየው ነው። እኔና ባለቤቴ ግን ፎቶግራፉን አይተን «ሲያምሩ!» ብለን፣ ስልኩን ለባለቤቱ መልሰን ቡናችንን ከሚጠጡት ወገን ነን። ከእናንተም መካከል ብዙ ጓደኞች እንዳሉን አልጠራጠርም።

የወላጆቻችን ትውልድ ደሴት ሲባል የሚያስበው ምጽዋን ነበር። የድሮዋ ምጽዋ በውኃ ላይ በተሠራ መንገድ ከየብስ ጋር የተያያዘች ደሴት ናት፤ ከፊት ለፊቷም የዳህላክ ደሴቶች አሉ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ግን እኛ የባሕር ዳርቻ የሌለን ሰዎች ሆንን፤ ደሴትም ወይ ጣና ወይ ሰው አገር ሆኖ ቀረ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አምስት ደሴቶች ያሉት ሐይቅ መኖሩን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በቦሌ መንገድ ስናልፍ «ደምበል ሲቲ ሴንተር» የሚለውን ስም ሁላችንም እናነባለን። ደምበል ግን ሕንፃው ከመሠራቱ በፊትም ሐይቅ ነበር፤ እኛ ዝዋይ የምንለው ሐይቅ የአገሩ ሰው ኦሮምኛ ስም ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚያ አንድ ቀን ውለን ስለ መጣን ነው። ለዚያች አንዲት ቀን ግን ስምንት ዓመት ነው የፈጀብን። መንገዱ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። «ነበር» ማለቱን ገና አልለመድኩትም። ስሙ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅታቸው፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ እንደ ሆነ ታውቁ ይሆናል። ለሌላ ሰው የተሠራ ቤት፣ የሌላ ሰው ስም፤ ሰፈር ያደረጉት ግን ከዚያ በኋላ የኖሩበት ሰዎች ናቸው። የኛ ግቢ ወደ መናኸሪያው አቅራቢያ ነበር። ሦስት ቤቶች በአንድ በር እንገባ ነበር፤ ሦስት ባልና ሚስት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና በተራ ይፈላል። በ2009 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ከሦስቱ ባሎች አንዱ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳኑን ሰንጥቆ ይዞ መጣና «ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት በየቡናው ሃምሳ ሃምሳ ብር ይጥላል፤ ሚስቶቻችንን ደሴት እንወስዳለን» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እርሱ ግን የልጁን የሂሳብ ደብተር ገልብጦ በጀርባው በኩል መመዝገብ ጀመረ። ከዚያ ቀን አንሥቶ ስሙ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ቀረ።

እኔ ደግሞ የራሴ ዕዳ ነበረብኝ። በ1993 ዓ.ም. ስንጋባ ለባለቤቴ «ለጫጉላችን ሐይቅ አሳይሻለሁ» ብያት ነበር። የሄድነው ደብረ ዘይት አክስቴ ቤት ነው። ደብረ ዘይት የሐይቅ ከተማ መሆኗን ማንም ያውቃል፤ አክስቴ ግን እንግዳ ሆነን ሳለን ከቤት መውጣታችንን እንደ ነውር ቆጥራ ሦስቱንም ቀን ስታበላን ከረመች። ባለቤቴ ይህን ለሰው ስትናገር እስከ ዛሬ ድረስ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ።

ጣሳው ሦስት ጊዜ ሞልቶ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ልጅ ሕክምና፣ አንድ ጊዜ ለትምህርት ቤት ክፍያ፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜ ደግሞ ለዘይትና ለዱቄት። ይህ አያስቆጭም፤ የጎረቤት ጣሳ ለዚህ ካልተከፈተ ለምን ይከፈታል? የሚያስቆጨው ሌላው ነው። ገንዘቡ ሞልቶ ሳለ «ይህ ጥር ሥራ በዛብን»፣ «ልጆቹ ፈተና አላቸው»፣ «ዝናቡ ይውጣ» ያልንባቸው ጊዜያት አሉ። በደብተሩ ላይ ተጽፈው አየኋቸው። ሰውየው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም የሚመዘግበው፤ ምክንያታችንንም ከነቀኑ ጽፎታል። የእኔ ስም ከሁሉ ይበዛል።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ገንዘብ ያዣችን አረፈ። ሕመሙ አጭር ነበር። ከዚያ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈራችን በኮሪደር ልማቱ ተነሣ። እኔና ባለቤቴ ገላን ጉራ ደረሰን፤ ሦስተኛዎቹ አራብሳ ቤት ተከራዩ፤ የገንዘብ ያዡ ባለቤት እኅቷ ዘንድ ወደ ጀሞ ሄደች። ዕቃ በምንጭንበት ቀን ለመሰናበት እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ ፍራሹን፣ ቁም ሣጥኑን፣ በርሜሉን ስንል መሸ። በታኅሣሥ አንድ ማታ ስልክ ደወለችልን። ደኅንነታችንን ከጠየቀች በኋላ «ጣሳው እኔ ጋ ነው፤ መቼ ነው የምንሄደው?» አለች።

ምን ትመልሳላችሁ? እኛም ቀን ቆረጥን፤ ከጥምቀት በኋላ ያለችውን ቅዳሜ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንነት ልናገር። ባለቤቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ እኔ «ሁለት ባልና ሚስት መካከል ብቻዋን ብትሆን አይከብዳትም ወይ?» አልኳት። ባለቤቴ መልስ እንኳ አልሰጠችኝም። የባለትዳሮች ኅብረት የምታስተባብሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ይህን ጥያቄዬን አትድገሙት። ትናንት ከባሏ ጋር ትጠራ የነበረችውን ሴት ቀብር ከዋለች በኋላ ከስም ዝርዝር የምናወጣት «እንዳይከብዳት» እያልን ነው። ይከብዳት እንደሆነ እርሷን መጠየቅ ይቻላል።

ስለ መንገዱ ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ሚኒባስ ከነሾፌሩ ለቀኑ ተከራየን። ወደ ዝዋይ ለሚሄድ ሰው ገላን ጉራ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያው ብንጠብቅ ይሻለን ነበር። ባለቤቴ ግን «ጉዞው የሚነሣው ከካዛንቺስ ነው» ብላ ሌሊት አሥር ሰዓት ቀሰቀሰችኝና በጨለማ ወደ መሀል ከተማ ተመለስን። የት እንገናኝ? የምናውቀው ምልክት ሁሉ የለም። በመጨረሻ አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ቆምን፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ትልቅ የመስታወት ሥዕል ያለበት። በልጅነታችን በአጥሩ ሥር ስንሮጥ ውስጡን አይተን አናውቅም። አምስታችንም ተቃቅፈን ስናበቃ ሾፌሩ «ሰው ይቀራል?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ ተነሣን።

ቱሉ ዲምቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ትገባላችሁ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ትታጠፉና በመቂ በኩል ወደ ባቱ የሚያደርሰውን የክፍያ መንገድ ትይዛላችሁ። ከተማዋን ብዙ ሰው አሁንም ዝዋይ ይላታል፤ ስሟ ባቱ ነው። በሕዝብ መኪና የምትሄዱ ከሆነ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፈሩ። የመንገዱን ሁኔታ ግን በዚያ ሳምንት ከተመላለሰ ሰው ጠይቁ፤ ይህ በየትኛውም አቅጣጫ ለሚጓዝ ይጠቅማል።

መንገዱ ራሱ አስጎብኚ ነው። ቆቃ ሐይቅን ስታልፉ ወደ ውኃው ተመልከቱ። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው ጣሊያን በጦርነት ካሣነት በከፈለችው ገንዘብ ነው። የካዛንቺስን ስም ያወረሱን ሰዎች እዚህም ዱካቸው አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምድሩ ሜዳ ይሆናል፤ ግራር፣ አቧራ፣ ሙቀት። መቂ አካባቢ በመንገድ ዳር የተደረደረው ቲማቲምና ሽንኩርት ሴቶቹን ሊያስወርዳቸው ምንም አልቀረውም። «ሲመለሱ ይገዛል» ብለን አለፍን፤ (ሲመለሱ መሽቶ ነበር፤ ስለዚህ ሲሄዱ ግዙ።) ሹራባችንን አንድ በአንድ እያወለቅን ባቱ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብለናል ማለት ነው። ሰውነታችሁ ይነግራችኋል።

በጀልባ ማቆሚያው ገና ከመኪና ስትወርዱ አባ ኮዳዎች ይቀበሏችኋል። ይህ ራሱ ላይ ላባ የሌለው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደሚንጎራደድ ሽማግሌ የሚሄድ ትልቅ ወፍ የዓሣ አጥማጆችን ፍርፋሪ ሲጠብቅ ይውላል። ሰውን አይፈራም። ሦስተኛው ወንድማችን አንዱን አይቶ «የቀበሌ ሊቀ መንበራችንን ይመስላል» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅነው እዚያ ነው።

ስለ ጀልባ ስትነጋገሩ ጥቂት ነገር ያዙ። ዋጋውን በሰው ቁጥር ሳይሆን ለጀልባው በሙሉ ተስማሙ፤ ደሴቱ ላይ የሚጠብቃችሁን ጊዜ ጨምራችሁ። ግማሹን ብቻ ቅድሚያ ክፈሉ። የሕይወት አድን ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ፤ «ሐይቁ ጥልቀት የለውም» ቢሏችሁም። እውነት ነው፤ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ይህ ሐይቅ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ዋና ለማይችል የካዛንቺስ ሰው ግን ዘጠኝ ሜትር ይበቃዋል። ጊዜ የሌላችሁ ወይም ትንንሽ ልጆች የያዛችሁ በአቅራቢያው ጉማሬና ወፍ አይታችሁ የምትመለሱበት አጭር ዙር አለ። መዋኘት ከፈለጋችሁ ግን እዚህ አይሞከርም፤ ጉማሬው ብቻ ሳይሆን ቢልሃርዝያም አለ። ለዋና ትንሽ አልፋችሁ ላንጋኖ ሂዱ።

እኛ የመረጥነው ትልቁን ደሴት ነው፤ ቱሉ ጉዶ። በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። ክርስቲያኖቹ ደብረ ጽዮን ይሉታል። ሌሎቹ ደሴቶች ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ይባላሉ። የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታ የምታነቡ አይመስላችሁም?

ጀልባዋ ሁለት ሁለት ሰው የሚያስቀምጡ ሦስት ወንበሮች ነበሯት። እኔና ባለቤቴ ፊት፣ ሦስተኛዎቹ መካከል፣ የገንዘብ ያዡ ባለቤት ኋላ ተቀመጠች። ከጎኗ ቦርሳዋን፣ በቦርሳዋ ላይ ጣሳውን አኖረች። ጣሳውን ይዛው ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ጀልባዋ ከዳር እንደ ራቀች ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ተነሥታ፣ እየተንገዳገደች ወደ ኋላ ሄዳ ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኗ ተቀመጠች። ጀልባ ነጂው «አትነሡ! አትነሡ!» እያለ ጮኸ። እኔ አንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ ብቻዬን ተቀምጬ ተጓዝኩ። ለጫጉላ ደሴት ሄዶ ብቻውን የተቀመጠ ባል እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ደግሞም የሚገባኝ ቦታ ነበር።

ውኃው ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ ባሕር የሚጠብቅ ያዝናል። ዳር ዳሩ ደንገልና ቄጠማ ነው፤ ዓሣ አዳኙ ንስር ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ሲጮኽ ከሩቅ ይሰማል። ፔሊካኖቹ ነጭ መርከብ መስለው በቡድን ይንሳፈፋሉ። ሐይቁን የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ቀታር ከአርሲ። የሚወጣው ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ነው። ጀልባ ነጂው የባቱ ልጅ ነበር። በከተማው ዙሪያ የምታዩአቸው በላስቲክ የተሸፈኑ የአበባ እርሻዎችም፣ መስኖዎቹም፣ የከተማው ሰውም ከዚህ ውኃ እንደሚጠቀሙ ነገረን። «ሁሉም ይቀዳል» አለ፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም።

ቱሉ ጉዶ ላይ መኪና የለም። ከጀልባ ስትወርዱ የምትሰሙት የዶሮና የሕፃን ድምፅ ብቻ ነው። የሚኖሩት የዘይ ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸው ዘይኛ ከስልጤኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ በዙሪያቸው ካለው ሕዝብ ጋር ደግሞ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ። መሬቱ ጠባብና ዳገታማ ስለ ሆነ በድንጋይ እርከን እየሠሩ ያርሱታል፤ ከዚያ የሚጎድለውን ዓሣው ይሞላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ጊዜ ዙሪያው ሲለወጥ እነርሱ በውኃ ተከበው እምነታቸውንና መጻሕፍታቸውን ይዘው ለዘመናት ቆዩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከፍታው ላይ ነው፤ ማርያም ጽዮን። ዳገቱ ያስተነፍሳል፤ የሚመች ጫማ አድርጉ፤ ባርኔጣና ውኃ አትርሱ። እንደ ኦርቶዶክሳውያኑ ሥርዓት ጫማ ይወለቃል፣ ሴቶች ይሸፋፈናሉ። ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የብራና መጻሕፍቱን ማየት ከፈለጋችሁም በትሕትና ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ አመስግናችሁ ውጡ። በትውፊታቸው፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሽተው ሰባ ዓመት ያህል አቆይተውታል። የአካባቢው አባት ይህን ሲተርኩልን ሦስተኛው ወንድማችን (የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪ ነው፤ ታውቋቸዋላችሁ) ጉሮሮውን ጠርጎ «አባቴ፣ ይህ የት ተጽፏል?» ማለት ጀመረ። የገንዘብ ያዡ ባለቤት ክንዱን ያዝ አድርጋ «ወንድሜ፣ ሰው ቤት መጥተን ነው» አለችው። አባ ፈገግ ብለው «እኔ የነገሩኝን ነው የነገርኩህ ልጄ። የሸሹ ሰዎች ናቸው፤ የከበደባቸውን ጥለው የከበረባቸውን ይዘው መጡ» አሉ። ወንድማችን ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አላነሣም። ከቤቱ በመጨረሻው ቀን ያወጣው ቁም ሣጥን በአራብሳው ቤት በር አልገባ ብሎት ደጅ መቅረቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስንወርድ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ አገኘን። ውኃ አጠጡን። እኛም የያዝነውን ዳቦና ቆሎ አውጥተን እዚያው ጥላው ሥር ቁጭ አልን። ልጆች እንዳሏቸው ጠየቅናቸው። አራት ናቸው፤ አንዱ ባቱ፣ አንዷ መቂ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ። ለኅዳር ጽዮን ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ሁሉም አይመጡም። በዙሪያችን ካሉት ቤቶች የተዘጉትን በጣታቸው እያሳዩ ማን የት እንደ ሄደ ነገሩን። ትምህርት ፍለጋ፣ ሥራ ፍለጋ፣ መሬት ፍለጋ፤ ብዙው ሐይቁን ተሻግሮ ቀርቷል። ትልልቆቹ እርስ በርስ በዘይኛ ይነጋገራሉ፤ ከተማ ያደጉት የልጅ ልጆች ሲመጡ ግን በአማርኛና በኦሮምኛ ነው የሚመልሱላቸው።

«እናንተስ የት ናችሁ?» አሉን።

«ካዛንቺስ» አልን ሦስታችን በአንድ ላይ። ከዚያ ተያየን። ባለቤቴ «ነበርን፤ ሰፈሩ ፈርሶ ተበታተንን» ብላ አስተካከለች።

አሮጊቷ እንዝርታቸውን አቆሙ። «የኛን ማንም አላፈረሰውም፤ ቤቱ ይኸው ቆሟል። ሰዎቹ ናቸው የሌሉት» አሉ። ቀጥለውም ወደ ገንዘብ ያዡ ባለቤት ዞር ብለው «የአንቺስ ባለቤት ቀረ?» ሲሉ ጠየቋት።

«አረፈ እማማ። ክረምት ላይ። የሰፈራችንን መፍረስ አላየም።»

«እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። ደሴት አይቶ ነበር?»

«አላየም» አለች፤ ከዚያ ጣሳውን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻቸው፤ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ነገረቻቸው። ስንቱን ቅዳሜ እንደ ጣልን፣ ስንቱን ጥር እንዳለፍን፣ ደብተሩ ላይ ምን ምን እንደ ጻፈ። በለቅሶው ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ስንቀመጥ ይህን ያህል ቃል አልወጣትም። እኛ ዝም ብለን ቆሏችንን ቆረጠምን። አሮጊቷም አላጽናኗትም፤ ዘይኛውን ከአማርኛ እየቀላቀሉ አልፎ አልፎ «እንዴ! ከዚያስ?» ይሏት ነበር፤ ይህ ብቻ።

ጀልባ ነጂው «ነፋስ ሊነሣ ነው» ብሎ ከታች ባይጠራን እዚያው ይመሽብን ነበር። ይህንንም ልብ በሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይናወጣል። ከደሴቱ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ብትነሡ መልካም ነው። እኛ ትንሽ ዘግይተን ስለ ነበር ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያነሣትና ሲያፈርጣት፣ ውኃው ፊታችን ላይ ሲረጭ መጣን። ሦስተኛው ወንድማችን ጮክ ብሎ መዝሙር ጀመረ፤ ፍርሃቱን ለመሸፈን እንደ ሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ግን ተቀበልነው። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ከእኔ ጎን ነበረች። እጄን ይዛ «እንግዲህ ሐይቅ አሳየኸኝ» አለች። ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ማለት አልቻልኩም፤ የሕይወት አድን ጃኬቱ አላስጎነበሰኝም።

ዳር ስትደርሱ ርቦአችሁ ይሆናል። ዓሣው እዚያው ነው፤ ቆሮሶ የሚሉትን እፊታችሁ አጥበው፣ ጎኑን በቢላ ሰንጥቀው በሙሉው ይጠብሱላችኋል፤ ከዳጣና ከሎሚ ጋር በእጅ እየላጡ መብላት ነው። አንድ ጊዜ የበላ ሰው አዲስ አበባ የሚሸጠውን መልሶ አያመሰግንም። ሒሳቡ ከጣሳው ተከፈለ፤ የሚኒባሱም፣ የጀልባውም። የገንዘብ ያዡ ባለቤት ወጪውን በባሏ ደብተር ላይ፣ ከእርሱ ጽሕፈት ሥር፣ በራሷ እጅ መዘገበች። ጥቂት ተረፈ። በተረፈው ላይ ተከራከርን፤ በመጨረሻም ጥሬ ዓሣ ገዝተን ለሦስት ቤት ተካፈልን። ለመንገዱ በላስቲክ ሸፍነው በረዶ ያደርጉላችኋል፤ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ።

መመለሻው ጸጥታ ነበር፤ ሴቶቹ አንቀላፉ። እኔና ባለቤቴ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወርደን በታክሲ ወደ ገላን ጉራ ገባን። ማታ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ባለቤቴ ደክሟታል ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን ቢላውን አውጥታ ዓሣውን መጥረግ ጀመረች። ስምንት ቆሮሶ ነበር፤ ለሁለት ሰው። በካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ ይህን ስትጠርግ ሽታው ብቻ ግቢውን ይጠራው ነበር። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን በር አንኳኩተን አናውቅም፤ በሦስት ወር ውስጥ ደረጃ ላይ «እንደምን አመሻችሁ» ከመባባል አላለፍንም።

አራቱን ጠብሳ በሣህን አደረገች። ነጠላዋን ደረበችና ወጣች። በራችንን ገርበብ አድርጋው ስለ ነበር ማንኳኳቷን ሰማሁ፤ ቆየት ብሎ በሩ ተከፈተ።

«ደኅና አመሻችሁ፤ ዝዋይ ሄደን መጥተን ነው» ስትል ሰማኋት፤ «ዓሣ ትበላላችሁ?»